የቆርኪው ውሃ

ኅዳር 2፣ ሰኞ

የቅዳሜውን ነገር ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ዛሬ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ነድቶ ጡረታ ወጣ፤ እኔ ደግሞ ሠላሳ ሰባት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ። ከሥራ ከወጣ በኋላ አራት ሜትር በሁለት ሜትር በሆነ ጠረጴዛ ላይ ሐዲድ፣ ዋሻ፣ ድልድይና ሁለት ጣቢያ ሠርቶ ለአሮጌው ባቡር ጣቢያ ሰጠ። ባቡር መምጣት ካቆመ ወዲህ የመንገደኞች መጠበቂያው የኤግዚቢሽን አዳራሽ ሆኗል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት፣ ጋሼ ከፍ ያለ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ የፍጥነት ማዞሪያውን በሁለት ጣቱ ይዞ ትንሿን ባቡር ይነዳል። ሎኮሞቲቯ የክንዴን ግማሽ አታክልም። ሲያስነሳት ግን መቼ እንደተነሳች አይታወቅም፤ ጣቢያው ወደ ኋላ የሄደ ነው የሚመስለው።

ቅዳሜ ባቡሯ ድልድዩ ላይ ሳለች ማዞሪያው በአንድ ጊዜ ዞረ። ሎኮሞቲቯ ከሐዲድ ወጥታ ከአንዲት ሴትዮ እግር ሥር ወደቀች። የተጎዳ ሰው የለም። አንድ ጎማ ተሰበረ።

ጋሼ እጁን ኪሱ ከተተና "ብርዱ ጣቴን አደነዘዘው" አለ።

እውነቱን ነው። አዳራሹ ይቀዘቅዛል።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

የአዳራሹ ኃላፊ አስጠራችኝ። የቀድሞ ተማሪዬ ናት። አሁንም "ቲቸር" ነው የምትለኝ፤ ስገባም ከወንበሯ ትነሳለች።

"ቲቸር፣ ጥር ሦስት አዳራሹ ታድሶ ይከፈታል። ባቡሯ ቁልፍ ሲጫኗት ራሷ ተነስታ ራሷ የምትቆም ብትሆንልንስ? በየቀኑ ትሠራለች። ሰውም ስጋት አይገባውም።"

"ጋሼስ?"

"እሳቸው የክብር እንግዳ ይሆናሉ። እኔ ግን በምን አፌ እነግራቸዋለሁ? እርስዎ በዘዴ ይንገሩልኝ። ሥራውንም ቢሆን ከእርስዎ ሌላ የማምነው የለም። ለግማሽ ነጥብ ሦስት ቀን ሙሉ ደጅ ጠንቼዎት አልሰጡኝም እኮ።"

"ስላልሠራሽው ነዋ።"

"ዛሬም አልሠራውም" ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅኩ። እሺ ያልኩት እየሳቅኩ ነው። ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ ነው ምን እሺ እንዳልኩ ያሰብኩት።

ቅዳሜ እነግረዋለሁ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ያለ መለኪያ ሥራ አይጀመርም። መለኪያውን ያገኘሁት ከራሱ ከጋሼ ታሪክ ነው። በሥራ ዘመኑ ጓደኞቹ "ብርጭቆ" ይሉት ነበር። የምግብ ቤቱ ፉርጎ ውስጥ እስከ አፉ የተሞላ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ጋሼ ሲነዳ ጠብ አይልም እያሉ ይወራረዱ ነበር።

እኔ ብርጭቆውን አሳነስኩት። የለስላሳ ቆርኪ ጠፍጣፋው ፉርጎ ላይ፤ ቆርኪው ውስጥ እስከ ጠርዙ ቀለም የነካው ውሃ፤ ከሥሩ ቀለም መጣጭ ወረቀት። አንድ ዙር ማለት ሁለት መነሳትና ሁለት መቆም ነው። ዙሩ ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ የፈሰሰው ጠብታ ይቆጠራል። ወረቀቱ ላይ ቀን ጽፌ አስቀምጣለሁ። ቁጥሩ በሌላ ደብተር፣ በሁለት ዓምድ ይሰፍራል፤ አንዱ "እጅ"፣ ሌላው "ማሽን"።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለኝ ጋሼ።

"ብርጭቆ አሁንም ብርጭቆ መሆኑን ልይ ብዬ ነው።"

ፊቱ በራ። "አንተ መቼም ሰው ካልፈተንክ እንቅልፍ አይወስድህም" አለና ወንበሩ ላይ ተስተካከለ።

ሁለት ጠብታ።

እንዲያ ደስ ብሎት ሳየው መናገሩን ለሌላ ቀን አሳደርኩት።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

በቤት ያለችኝን አንዲት ሎኮሞቲቭ፣ ሦስት ፉርጎና ሁለት ሜትር ሐዲድ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። በተጻፈለት ትእዛዝ ኤሌክትሪኩን የሚመጥን መቆጣጠሪያ ቦርድ ገጠምኩ። በመጀመሪያ ቮልቱ ከዜሮ ተነስቶ እኩል እኩል እንዲጨምር አደረግኩ። አይሆንም። ሞተሩ ከሦስት ቮልት በታች ይተኛል፤ ሦስት ሲሞላ ደግሞ እንደተቆጣ ሰው ተስፈንጥሮ ይነሳል። አሥራ ሦስት ጠብታ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየች።

"ምግቡን ጭናችን ላይ አድርገን ልንበላ ነው?"

"ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሺኝ።"

"እሺ። እንግዲያው ጣቢያ ካደረግከው ትኬት ቁረጥልኝ፣ ልሂድበት።" ሳህኖቹን አንስታ ስትወጣ ዞር ብላ፣ "ለወንድምህ ነገርከው?"

"ቅዳሜ።"

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

አራት ጠብታ። ሰው ብዙ ነበር። ሰው ፊት አይነገርም።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

መነሳቱ ተፈታ። ኤሌክትሪኩን አንድ ወጥ አድርጌ መላኩን ትቼ በጣም አጫጭር በሆኑ ምቶች ላክሁት፤ ሞተሩ ሳይነቃ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይሳባል። ፍጥነቱ መጨመሩ ራሱ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ መሃል ላይ ይበረታል፣ መጨረሻ ላይ ይለዝባል። ይህን ለሠላሳ ሰባት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስየዋለሁ። በእጄ ሠርቼው አላውቅም ነበር።

መቆሙ ግን አልሆነም። እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይመጣና የመጨረሻዋ የጣት ስፋት ላይ በድንገት ቀጭ ይላል። ሰው በእንቅልፍ ልቡ ደረጃ የሳተ ያህል። ሁሉም ጠብታ የሚፈሰው እዚያች ላይ ነው። ሃያ ስድስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ከአምስት በታች አልወርድ አለኝ።

የጋሼ ባቡር ቀጭ አትልም። ብጠይቀው ይነግረኛል። መጠየቁ ነው የከበደኝ። ለምን እንደከበደኝ ደግሞ አላውቅም፤ አንድ ሰው የማያውቀውን መጠየቁ ነውር የለውም።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

አምስት ጠብታ። (ወረቀቱ ላይ ሰባት ይታያል። ሁለቱ ቆርኪውን ስሞላ የፈሰሱ ሊሆኑ ይችላሉና አልቆጠርኳቸውም።)

ጮክ ብዬ "አምስት" ስል ጋሼ ወረቀቱን አየት አደረገው። 

አዳራሹ ሲጸዳ ጠየቅኩት። "ስትቆም ለምን ቀጭ አትልም?"

ቀና ብሎ አየኝ። "አንተ? እኔን?"

"አላውቀውማ።"

ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። እንዲህ ሲናገር ከሰማሁት ስንት ዓመቴ ነው።

"መጀመሪያ ስትነሳ፣ ባቡር በአንድ ጊዜ አይነሳም። ቀድሞ ሎኮሞቲቩ ይነሳል። ከዚያ የመጀመሪያው ፉርጎ መንጠቆው ሲወጠር ትጠብቀዋለህ። ከዚያ ሁለተኛውን። የተኛ ሰው ስትቀሰቅስ ብርድ ልብሱን ትገፈዋለህ እንዴ? አንድ በአንድ ነው።"

"ስትቆምስ?"

"ስትቆም ሁሉም ሰው እስከ መጨረሻው ፍሬን ይይዛል። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ሊቆም ሲል፣ ይቺን ታህል ሲቀረው፣ ፍሬኑን ልቀቅለት። ራሱ ይቁም ተወው። ባቡር መቆም ያውቃል።"

እጁን አንስቶ በአየር ላይ አሳየኝ። ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። እሱም አይቷቸው ወደ ኪሱ መለሳቸው። "ብርዱ" አለ።

"ብርዱ ነው" አልኩ እኔም።

በሙሉ ጻፍኩት። አሁን መናገር ነበረብኝ። የሚያስተምረኝን ሰው መሃል ላይ ማቋረጥ አልሆነልኝም፤ ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ኮቱን ለብሶ ነበር።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ መቀስቀስ፤ አሥራ አንድ መስመር ትእዛዝ። ሊቆም አንድ ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ኃይሉን ለቀቅ ማድረግ፤ ሦስት መስመር።

አንድ ጠብታ። አንድ። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።

ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ባቡሯ ከጨው ዕቃው ፊት መጥታ ቆመች። ባለቤቴ "ጋሼ ራሱ የሚነዳት አትመስልም እንዴ?" አለች።

"የሱ ዘዴ ነው።"

"እና ደስ አላለህም?"

ደክሞኛል አልኳት።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ። የጋሼ ቁጥር ከስድስት ካላለፈ ኃላፊዋን ቅዳሜ ቅዳሜ በእጁ እንዲነዳ፣ በሌላው ቀን ማሽኑ እንዲሠራ እጠይቃታለሁ። ካለፈ ግን ስለ ሰው ደህንነት ስል አልከራከርም። ደንብ ያለው ሰው አይጨነቅም።

ዛሬ ስድስት።

ወረቀቱን አጥፌ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩት።

ቁርጥራጭ ወሬ፦ የአዳራሹ ዘበኛ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሲያወራ ከምሰሶው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። "ሁለት ወንድማማች ናቸው። አንደኛው ይነዳል፣ ሌላኛው ከኋላ ሆኖ ይቆጥራል።" እሷም፣ "ምን ይቆጥራል?" ስትለው፣ "እኔ ምን አውቄ፣ የቀረውን ቅዳሜ ይሆናል" አላት። ሳቁ። ሲያዩኝ ሁለቱም በጣም አክብረው ሰላም አሉኝ።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ጋሼ ቤት ሄድኩ። አንድ ክፍል ነው፤ አልጋው እንደ ወታደር አልጋ ተወጥሮ ተነጥፏል። ውሃ ቀዳልኝ። የኔን ብርጭቆ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይዞ ሞላው፤ የራሱን ግን ከግማሽ በታች። ከድሮም ቁጥብ ሰው ነው። ሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ አልተቆለፈም።

"ሐኪም ዘንድ ብትሄድ" አልኩት።

"ሄጄ ነበር።"

"ምን አለህ?"

"ብርድ ነው አለኝ።" ፈገግ አለ። "እንዳንተው።"

ግድግዳው ላይ አባታችን ከሞተ በኋላ የተነሳናት ፎቶ አለች። እኔ የትምህርት ቤት ካርዴን ይዣለሁ፤ እሱ ትከሻዬን ይዟል። ያኔ ካርዴ ላይ በወላጅ ቦታ የሚፈርመው እሱ ነበር። ሁለተኛ ከወጣሁ "አይቼዋለሁ" ብሎ ይፈርማል፣ አንደኛ ከወጣሁም "አይቼዋለሁ" ብሎ ይፈርማል። ሌላ ቃል ጽፎ አያውቅም።

ለመንገር ነበር የሄድኩት። ስለ ጎረቤቱ የውሃ ቧንቧ አወራን።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ስድስት።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

በደንቡ መሠረት ደብተሩን ይዤ ኃላፊዋ ዘንድ ሄድኩ። "እጅ" የሚለውን ዓምድ አሳየኋት። ሁለት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ስድስት።

"ጥሩ ነው እኮ" አለች። "ማሽኑስ?"

ዜሮ አልኳት። ስንት ጊዜ ሞከሩት አለችኝ። ከተስተካከለ ወዲህ አርባ ጊዜ አልኳት። አርባውም ዜሮ? አርባውም።

ደብተሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። "ቲቸር፣ እርስዎ ቢሆኑ ለየትኛው ነበር የሚሰጡት?"

የማሽኑን ቁጥር ሦስት አራት ማለት እችል ነበር። ማን ይጠይቀኛል? ግን አልወጣልኝም። በአንዱ ዓምድ የሆነልኝ በሌላኛው ለምን እንዳልሆነልኝ ቤት እስክደርስ ሳስብ መጣሁ፤ አላገኘሁትም።

"ይነግሯቸዋል አይደል?" አለችኝ ስወጣ።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ስድስት። ዛሬ ቆርኪውን ገና ሳስቀምጠው ጋሼ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ፈተና የሚገባ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ካስተዋልኩት ቆርኪው ከመምጣቱ በፊት እንዲህ አልነበረም። ወይም አላስተዋልኩም።

ማምሻውን ደብተሩን ፈለግኩት። ከረጢቴ ውስጥ የለም። በአዳራሹ ጠረጴዛ ሥር ባለው መሳቢያ፣ ጋሼ የዘይት ዕቃውንና ጨርቁን የሚያኖርበት ላይ አስቀምጬው ረስቻለሁ። ሁለቱ ዓምዶች ከነርእሳቸው፣ በቀይ እስክሪብቶ። ሽፋኑ ላይ ደግሞ "ለጥር 3 ዝግጅት" የሚል አለ። እንደዚያ ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ርእስ የሌለው ደብተር አልወድም።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

አዳራሹ ሳይከፈት ደረስኩ። መሳቢያው ውስጥ ዘይቱ አለ። ጨርቁ አለ። ደብተሩ የለም።

ዘበኛው፣ "መምህር፣ የጠፋ ነገር አለ?"

"የለም።"

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ጋሼ እንደ ወትሮው መጣ። ቆርኪውን ላወጣ ስል፣ "ዛሬ ተወው፣ ዛሬ ዝም ብዬ ልንዳ" አለኝ።

ሁለት ሰዓት ነዳ። ሁለቴ ቀጭ አለች። አንዴ ጣቢያውን አልፋ ቆመች፤ "ተሳፋሪ ረሳን" ብሎ ወደ ኋላ መለሳት፣ ሰው ሳቀ። ከዚያ በኋላ በነበረው አንድ ዙር ግን መቼ እንደተነሳች አላየሁም። ዓይኔን ሳላነሳ እያየሁ አላየሁም።

ሲጨርስ ሎኮሞቲቯን ገልብጦ ጎማዎቿን ጠረገ። "ጠዋት ጠዋት ሲበርድ ሞተሯ ይደርቃል" አለ። "ሰው ሳይገባ ባዶዋን ሁለት ዙር ማዞር ነው። ያለዚያ ከጣቢያው በፊት ትቆማለች።"

"እሺ" አልኩ።

"ዘይት ደግሞ በመርፌ ጫፍ። አታብዛ።"

ለማን እንደሚነግረው አልጠየቅኩትም። ኮቱን እስኪቆልፍ ጠበቅኩት። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ላግዝህ አላልኩም፤ አይወድም።

ስለ ደብተሩ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። አላየው ይሆናል።

ታኅሣሥ 23፣ ረቡዕ

ባዶዋን ሁለት ዙር ማዞር። ትእዛዙ ላይ ጨመርኩት። ልክ ነው፤ ያለሱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ቀድማ ትቆማለች።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

አዳራሹ ለዕድሳት ተዘግቷል። ቦርዱን ገጠምኩ። ማግኔቶቹ በሎኮሞቲቯ ሆድ፣ የት እንደደረሰች የሚለዩት ሴንሰሮች በሐዲዱ መሃል። ማዞሪያው ሳጥን ውስጥ ገብቶ ተቆለፈ፤ ቁልፉ ኃላፊዋ ዘንድ ነው። አናጺው ከፍ ያለውን ወንበር የት ላድርገው አለኝ።

"እዚያው ይቆይ።"

"ሰው ቢቀመጥበትስ?"

ዕቃ ቤት አስገባው።

ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ በሩን ሳይ ነበር። ጋሼ አልመጣም፤ ዝግ መሆኑን ያውቃል። ማን እንደነገረው እንጃ፤ እኔ አልነገርኩትም።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ባጭሩ ልጻፍ።

ጋሼ የባቡር ነጂነት ኮቱን ለብሶ መጣ። ቁልፎቹ በሙሉ ተቆልፈዋል፤ በስንት ሰዓት እንደተነሳ አላውቅም። ኃላፊዋ ሰው ፊት "መሥራቻችን" ብላ አስተዋወቀችውና የማስነሻ ቁልፏን እንዲጫን ጋበዘችው። እጁን ከኪሱ አላወጣም። "እሱ ይጫን፣ የሱ ሥራ ነው" አለ።

ተጫንኩ።

ቆርኪውን ለሰው እንዲታይ ሞልቼ ጭኜው ነበር። ባቡሯ ተነሳች። መቼ እንደተነሳች ያወቀ ሰው የለም። ዋሻውን አልፋ፣ ድልድዩን ተሻግራ መጣች፤ ልትቆም ስትል ለቀቅ፣ ራሷ ቆመች። ጠብ አላለም። አጨበጨቡ። አንድ ሰውዬ "እንደ ድሮው ሽማግሌ ናት የምትሄደው" ሲል ሰማሁ፤ ሽማግሌው ከጎኑ ቆሟል።

ጋሼ ሦስት ዙር አየ። ቀና ብዬ ስፈልገው የለም።

ዘበኛው ዛሬ አልቀለደም። "ይህን ስጠው ብለውኛል" ብሎ ደብተሩን ሰጠኝ።

ጥር 4፣ እሑድ

ከፈትኩት።

"እጅ" የሚለው ዓምድ ላይ ሁለትና አራት እንዳሉ ናቸው። አምስቱ ተሰርዞ ከጎኑ በእርሳስ 7። ስድስቱ ተሰርዞ 11። ሁለተኛው ስድስት ተሰርዞ 9። ሦስተኛው ተሰርዞ 15። ቁጥሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ግን ይነበባሉ።

"ማሽን" የሚለውን ዓምድ አልነካውም።

ከገጹ ግርጌ አንድ ቃል አለ። "አይቼዋለሁ።" ከሥሩ ፊርማው። ድሮ እጁን አንድ ጊዜ ሳያነሳ ይፈርም የነበረውን አራት ቦታ ቆራርጦ ነው የጨረሰው።

ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ አነበበች።  መብራቱን ሳታጠፋው ሄደች።

ጥር 5፣ ሰኞ

ያስቀመጥኳቸውን ወረቀቶች ከመሳቢያ አወጣሁ። በማጉያ መነጽር ቆጠርኳቸው። ሰባት። አሥራ አንድ። ዘጠኝ። የመጨረሻውን እኔ አሥራ አራት ነበር ያልኩት፣ በልቤ። እንደገና አየሁት። አንደኛው ሁለት ጠብታ አንድ ላይ የወደቀበት ነው። አሥራ አምስት። እሱ ነው ልክ።

ከወንበሩ ሆኖ፣ በሦስት ሜትር ርቀት፣ እየነዳ ቆጥሯል።

ትክክለኛዎቹን ቁጥሮች በቀለም ጻፍኳቸው። የእርሳሱን አላጠፋሁትም።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

ጠዋት ባዶዋን ሁለት ዙር አዞርኳት። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ሃያ ሁለት ጊዜ ተነስታ ሃያ ሁለት ጊዜ ቆመች። ዜሮ።

ወደ ቤት ስመለስ በጋሼ መንገድ ዞርኩ። መስኮቱ ላይ ጀርባውን አየሁ፤ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል። ከፊቱ ብርጭቆ አለ። ሙሉ ይሁን ግማሽ ከመንገድ አይታይም።

በሩ ድረስ ሄድኩ። ለማንኳኳት እጄን አነሳሁ። ከበሩ ይቺን ታህል ሲቀረው ቆመ።